ሦስት እርምጃ ቀድማ የዘለለችው

“ሥራሽ ምንድነው?” ብሎ ለሚጠይቃት ሰው፣ “ከግድግዳ ጋር መላተም” ትላለች። ጠያቂው ይስቃል፤ እሷም አብራ ፈገግ ትላለች። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የኮምፒውተር ጨዋታ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ሞካሪ ናት። ሠሪዎቹ አዲስ ቤት፣ አዲስ ጎዳና፣ አዲስ በር በሠሩ ቁጥር፣ ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት እሷ ቀድማ ትገባና እያንዳንዱን ግድግዳ በትከሻዋ ትገፋለች። የማያሳልፍ መስሎ የሚያሳልፍ ካለ ትጽፋለች። ወለሉ የሚያሰጥም ከሆነ መጀመሪያ ራሷ ትሰጥማለች፣ ከዚያ ትጽፋለች። ያንኑ በር ሁለት መቶ ጊዜ ከፍታ ትዘጋለች፤ ሁለት መቶ አንደኛው ላይ እንቢ ቢልስ?

የምትሠራበት ክፍል መስኮት የለውም። ድሮ የወረቀት መጋዘን ነበር። ሦስት ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ቆሞ የቀረ ሰዓት። የውጭ ብርሃን ስክሪን ላይ ያንጸባርቃል ተብሎ ነው ሞካሪዎቹን እዚያ የከተቷቸው። ጠዋት በዝናብ ገብታ እንደሆነ፣ ስትወጣ መሬቱ ደርቆ ታገኘዋለች፤ መቼ እንዳባራ የሚነግራት የለም። እንዲህ ሆና ስድስት ዓመት አለፈ። ልጅቷ ትባላለች እንጂ ሠላሳ አራት ሞልቷታል።

ቤቷም ከዚያ ብዙ አይሰፋም። ከእናቷ ጋር አንድ ክፍል ይጋራሉ፤ መሃል ላይ ቁም ሳጥን ገትረው “ያንቺ ቤት፣ የኔ ቤት” ይባባላሉ። እናት ልብስ ሰፊ ናቸው። እዚያ ከገቡ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው፤ እስከ ዛሬ ግን መብራት ሊያበሩ ሲሉ እጃቸው የሚሄደው በስተግራ ነው፣ ድሮ ቤት ማብሪያው ወደነበረበት። ባዶውን ግድግዳ ይዳብሱ ይዳብሱና፣ “ይቺ እጄ ገና ዕቃዋን አላጓጓዘችም” ይላሉ።

ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቀው ቅዳሜ ከሰዓትን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከቁም ሳጥኑ ወዲህ ቁጭ ብላ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ራሷ የምትሞክረውን ጨዋታ ከሰው ጋር ትጫወታለች። ጨዋታው አያወሳስብም። አምስት ሰው በአንድ ወገን፣ አምስት ሰው በሌላ። መሃል ላይ ወንዝ፣ ወንዙ ላይ የድንጋይ ድልድይ። አንዱ ወገን የበራ ፋኖስ ተሸክሞ ተሻግሮ ከማዶ ግንብ ላይ ይሰቅላል፤ ሌላው ወገን ያንን ፋኖስ ያስጥላል፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። እሷን ጨምሮ የቡድኗ ሰዎች አምስት ናቸው፤ ፊታቸውን አይታው አታውቅም፣ ድምፃቸውን ግን ከሩቅ ሳል ብቻ ለይታ ታውቀዋለች። መምህሩ አሉ፤ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ፣ የፊዚክስ አስተማሪ፣ የቡድኑ መሪ። ሾፌሩ አለ፤ የእረፍት ቀኑ ስለሆነ ቅዳሜን ለማንም አይሰጥም፣ ፋኖሱን የሚሸከመው ሁልጊዜ እሱ ነው። መርፌ አለች፤ ቀስቷ አይስትም። ጭራ ደግሞ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላ ስለሚቀር ነው ጭራ የተባለው። ከጨዋታ በኋላ የጨዋታውን የቪዲዮ ቅጂ ደጋግሞ አይቶ ማን የት ጋ እንደተሳሳተ የሚነግራቸውም እሱ ነው። እሷን “እትዬ” ይሏታል። ሥራ ቦታ “ሦስተኛ ጠረጴዛ” ለምትባል ሴት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እሷ ሥራዋን አልነገረቻቸውም፤ እነሱም አልጠየቋትም። ድርጅቱ ሲቀጥራት ያስፈረማት ወረቀት ላይ ግን፣ ሠራተኛ በተጫዋቾች ቡድን ውስጥ እንደማይገባ፣ የሚመጣ ለውጥንም ለማንም እንደማይናገር ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ከሦስት ዓመት በፊት የገባችው “ለአንድ ቀን ብቻ” ብላ ነበር።

“ደግሞ ዛሬ ማንን ልትገድሉ ነው?” ይላሉ እናት ከቁም ሳጥኑ ማዶ፣ የስፌት መኪናቸውን እየዘወሩ።

“ማንንም አይደለም እማዬ። ፋኖስ ልናሻግር ነው።”

“ለአንድ ፋኖስ ይሄ ሁሉ ግርግር? ስጡኝና እኔ ላሻግርላችሁ።”

አምስቱም እጃቸው ዘገምተኛ ነው። ጣታቸው እንደ እሳት የሚንቀለቀል ልጆች ሲገጥሟቸው ድሮ በአምስት ደቂቃ ያልቅላቸው ነበር። ኋላ ግን ማጀትን አገኙ። ያገኘቻት እሷ ናት። ድልድዩ በግራ ጎኑ መሃል ላይ ፈርሷል፤ ሰው በቀኝ በኩል ያልፋል። ከፍራሹ ጫፍ ላይ ወደ ግራ ዘወር ብሎ የዘለለ ሰው ግን፣ ምሰሶው ሆድ ውስጥ ያለች፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ጎድጓዳ ውስጥ ያርፋል። ሠሪው ሳይደፍናት ረስቷት ነው። ቀስት አይደርስባትም፤ ከላይ ያለ ሰው አያያትም። እትዬና መርፌ እዚያ ይሸጎጣሉ፤ ባላጋራ ፋኖሱን ይዞ ከላያቸው ሲያልፍ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፤ ካለፈ በኋላ ከጀርባው ብቅ ይላሉ። ጓዳ ገብተው እንግዳ የሚያደምጡ ሴቶች ስለመሰሉ፣ ሾፌሩ “ማጀት” ብሎ ስም አወጣላት። በዓመት ውስጥ ስሙ አገር ለአገር ዞረ። እጃቸው የዘገየ ሁሉ ማጀት መግባት ጀመሩ።

እንግዲህ ጉዱ የፈላው ያኔ ነው። በየቀኑ ወደ ድርጅቱ ደብዳቤ ይጎርፍ ገባ። “እኛ ስንት ወር ተለማምደን፣ ጉድጓድ ውስጥ የተወሸቀ ሽማግሌ ያሸንፈናል” ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ፣ “ማጀትን ብትነኩ ጨዋታችሁን ከነድልድያችሁ ብሉት” ይላል። ከሁሉም የከፋውን ስድብ የጠጣው ድልድዩን የሠራው ልጅ ነው። መሥሪያ ቤት ግንበኛው ይሉታል። ቀጭን፣ የሸሚዙ እጅጌ ሁልጊዜ ከክንዱ የሚያጥር፣ ለማንም ክፉ የማይናገር ልጅ። አንድ ቀን ሞካሪዎቹ ክፍል በር ላይ ተደግፎ፣ “አራት ወር ሙሉ እያንዳንዱን ድንጋይ በእጄ ነው የደረደርኩት” አለ። “የወንዙን ጥላ አይተሽዋል? ማንም አላየውም። የረሳኋትን አንዲት ቀዳዳ ግን ወደዷት። ይኸው ከሥሯ እየኖሩ እኔን ይሰድቡኛል።”

ልጅቷ የወንዙን ጥላ አይታዋለች። “ያምራል” አለችው። ሌላ ምን ትበለው?

ማክሰኞ ዕለት አለቃዋ ጠራቻት። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ እንደገና መነጽር የምትፈልግ ሴት ናት፤ ጭንቅ ሲላት ግን ዓይኗ ቢላዋ ነው። “ከድልድዩ ሥር የሚደበቁት እንዴት እንደሚጫወቱ ማንም በቅጡ አላስረዳኝም” አለች። “አንቺ እጅሽ ይጽፋል። እንዴት እንደሚገቡ፣ መቼ እንደሚወጡ፣ አንድ በአንድ ጻፊልኝ። ከዚያ እንዝጋው ወይስ እንተወው የሚለውን እንወስናለን።”

እንተወው የምትለዋ ቃል ልጅቷን አሞኘቻት። ሦስት ዓመት አፏን ይዛ የኖረችበትን ነገር በሙሉ ልቧ ጻፈችው። አራት ገጽ። ከየትኛው ድንጋይ ላይ መዝለል እንደሚገባ፣ ሁለቱ ትንፋሽ ሰብስበው እንዴት እንደሚደማመጡ፣ ፋኖስ ተሸካሚው ከላይ ሲያልፍ ብርሃኑ በስንጥቁ ገብቶ እጃቸው ላይ እንዴት እንደሚወርድ፣ ሁሉንም። እጁ የዘገየ ሰው በትዕግሥት የፈጠነውን የሚያሸንፍባት ብቸኛ ቦታ እንደሆነች፣ ሰዎቹ ይህን ቢያዩ እንደማይዘጓት አመነች። ስትጨርስ ሻይዋ ቀዝቅዞ ከላይ ቆዳ አውጥቶ ነበር።

በማግስቱ ግንበኛው ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ ፊቱ በርቷል። “እንዲህ ያለ ጽሑፍ አንብቤ አላውቅም” አለ። “አሁን ገባኝ። ከዚህኛው ድንጋይ ካልዘለሉ አይደርሱም። ጫፉን ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እቆርጠዋለሁ። አለቀ።”

“መተውስ?” አለች።

“ምኑን?”

“እንዳለች መተው።”

ሳቀ። “አንቺ ደግሞ፤ አራት ገጽ ሙሉ ጉድጓዱን ቆፍረሽ አሳይተሽን?”

ልጅቷ ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች፤ የሚታየው ግን አልታያትም።

ሐሙስና ዓርብ የተቆረጠውን ድልድይ ሞከረች። ሥራዋ ማንም ሰው፣ በምንም ብልሃት፣ ማጀት መድረስ እንደማይችል ማረጋገጥ ነው። ከአዲሱ ጫፍ ላይ ወደ ግራ ዘወር ብላ ትዘላለች፣ ወንዝ ውስጥ ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ ትዘላለች። ሮጣ፣ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ። ሁለት መቶ ጊዜ፣ ሦስት መቶ ጊዜ። ስትወድቅ የምታያት ማጀት እዚያው ናት፤ ሦስት እርምጃ ርቃ። ዓርብ መጨረሻ ላይ “አይደርስም” ብላ ጻፈችና ፈረመች።

ለውጡ የሚለቀቀው ረቡዕ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ለሕዝቡ ድልድዩ ገና ሙሉ ነበር። መምህሩ እንደልማዳቸው፣ “እትዬና መርፌ ማጀት፣ ሾፌር እኔ ጋ፣ ጭራ ከኋላ” አሉ። ልጅቷ ሮጠች። እግሯ ያንን ድልድይ ከሰባት መቶ ቀን በላይ ያውቀዋል። ግን ፍራሹ ጋ ሳትደርስ፣ ሙሉ ድንጋይ ፊቷ ተዘርግቶ እያለ፣ ወደ ግራ ዘወር ብላ ዘለለች። ወንዝ ውስጥ ወደቀች።

ሾፌሩ፣ “እትዬ፣ ገላሽን ልትታጠቢ ነው?” አለ። ሁሉም ሳቁ።

“እጄ ነው” አለች፤ “ተሳሰረብኝ።”

“ማጀት እኮ ብቻዬን ቀረሁ” አለች መርፌ፤ “እንግዳ መጥቶ ብቻዬን ልቀበል ነው?”

ተሸነፉ። ማንም አልከፋውም። ልጅቷ ግን ማዳመጫውን አውልቃ መዳፏን ስታየው፣ ከቁም ሳጥኑ ማዶ የእናቷ እጅ ግድግዳውን በስተግራ ሲዳብስ ሰማች።

ረቡዕ ለውጡ ተለቀቀ። ማጀት ተዘጋች። ስድቡ በየቦታው እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ግንበኛው ሁለት ቀን ሥራ አልገባም። የሚቀጥለው ቅዳሜ አምስቱ ሲሰባሰቡ መምህሩ፣ “ሐዘናችንን በአጭሩ እናድርገውና አዲስ ዘዴ እንፈልግ” አሉ። ጭራ ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

“መምህር፣ አንድ ነገር ልበል? ያለፈውን ቅዳሜ ቅጂ አይቼው ነበር። እትዬ የወደቀችበትን።”

“እሱን ተወው፤ እጇ ነው።”

“እጇ አይደለም። አሥር ጊዜ አየሁት፣ አስቆምኩት፣ ድንጋዩን ቆጠርኩ። የዘለለችው ልክ አሁን ድልድዩ ከተቆረጠበት ድንጋይ ላይ ነው። ልክ እዚያ። ከመቆረጡ ከአራት ቀን በፊት።”

ልጅቷ መካድ ትችል ነበር፤ አፏ እምቢ አላት።

“እዚያ ነው የምሠራው” አለች። “ሞካሪ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ በተቆረጠው ላይ ስዘል ነበር። እግሬ… ለመደው።”

“ከመቼ ጀምሮ?” አለች መርፌ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ቀስቷ።

“ከእናንተ ጋር ከመጀመሬ በፊት።”

“ጆሮ ጠቢያችን ነበርሽ በይኛ” አለ ሾፌሩ። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም።

“አይደለሁም። ስለ ማጀት ጻፊ አሉኝ፣ ጻፍኩ። ቢያዩዋት ይወዷታል ብዬ ነው።” እንዲህ ስትል የገዛ ጆሮዋን አሳፈራት። እውነት ነበር፤ ግን ማን ያምነዋል?

ልጅቷ የምትጠብቀው “ውጪልን” የሚለውን ቃል ነው። ከሦስት ዓመት ቅዳሜ የሚተርፋት ነገር እንደሌለ ያኔ ታያት፤ ከመጋዘኑና ከቁም ሳጥኑ በቀር። እጇ ማዳመጫውን ይዞ ተዘጋጅቶ ነበር።

“እትዬ የትም አትሄድም” አሉ መምህሩ በመጨረሻ። “ማጀትን ያገኘቻት እሷ ናት። እንጀራዋ ነው የጻፈችው። የሚመጣውን ነገር አንጠይቃትም፤ እሷም አትነግረንም። ማንም እንዳይጠይቃት፣ ሰማችሁ?”

“ሰማን” አሉ አንድ በአንድ። ጭራ መጨረሻ ነበር።

ልጅቷ ያን ቀን እያለቀሰች ሳቀች። እናቷ፣ “አሸነፋችሁ መሰለኝ” አሉ።

በሳምንቱ ውስጥ አዲስ ሥራ መጣላት፤ ከማዶ ግንቡ ጀርባ ያለው ደረጃ ሊፈርስ ነው። ያንንም በተራው ሁለት መቶ ጊዜ ሞከረችው። ለማንም አልተናገረችም።

ቅዳሜ ፋኖሱን አሻግረው ግንቡ ሥር ሲደርሱ መንገዱ ሁለት ነበር፤ የፊት በርና የጀርባ ደረጃ። እትዬ ሳታስብ ወደ ፊት በር አመራች። ሦስት እርምጃ ሄዳ ዘወር ስትል ሌሎቹ አራቱም ወደ ደረጃው መሄዳቸውን ትተው ከኋላዋ ቆመዋል። ማንም አልጠየቃትም።

ያን ጊዜ ነገሩን ለማስተካከል ብላ ተመልሳ በደረጃው ወጣች፤ ምንም ያላወቀች ለመምሰል። እነሱም ተከተሏት።

“እትዬ ደረጃውን ወደደችው” አለ ጭራ በለሆሳስ። “ደረጃው ይቆያል ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ እሱን እንለማመድ።”

“ዝም በል፤ አንጠይቅም ብለናል” አሉ መምህሩ።

“አልጠየቅኳትም መምህር። አካሄዷን አየሁ እንጂ።”

ረቡዕ ደረጃው ፈረሰ። ጭራ አልተቆጣም፤ ቅጂዎቹን ግን ሁሉንም፣ ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ፣ እንደገና ማየት ጀመረ። መርፌ ለሰላምታ እንኳ ድምፅዋን ቆጥባ መናገር ያዘች። ሾፌሩ ቀልዱን ተወ። በደግነታቸው ምንም አልጎደለም፤ “እትዬ እንዴት ዋልሽ፣ እማማ ደኅና ናቸው?” ይላሉ። ዓይናቸው ግን ከእግሯ አይነሳም።

መሥሪያ ቤትም አለቃዋ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ መጣች። “ያ አራት ገጽሽ ምርጥ ነበር” አለች። “ከዛሬ ጀምሮ ተጫዋቾች አዲስ ዘዴ ባገኙ ቁጥር ለኔ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው እንዳንቺ ውስጣቸው ያለ አስመስሎ መጻፍ አይችልም።” ይህን ያለችው ልታመሰግናት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስቱ ድልድዩ ላይ ናቸው። ሾፌሩ ፋኖሱን ይዟል። በግራ በኩል የተቆረጠው ጫፍ አለ፤ ከዚያ ወዲያ፣ ማንም የማይደርስባት ማጀት ጨልማ ትታያለች። ልጅቷ በቀኝ በኩል ለማለፍ ተነሳች፤ ግን በዚህ ሳምንት መሥሪያ ቤት በቀኙ በኩል ምን ስትሠራ እንደዋለች አስታወሰች። በቀኝ ብትሄድ አንድ ነገር ነገረቻቸው ማለት ነው። በቀኝ ባትሄድም ነገረቻቸው ማለት ነው። ወደ ኋላ ብትመለስ እሱም ወሬ ነው።

ቆመች። ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ጉልበቷ ላይ አኖረቻቸው።

መርፌ መጥታ አጠገቧ ቆመች። መምህሩ ቆሙ። ሾፌሩ ፋኖሱን እንደያዘ ቆመ።

“እትዬ ቆማለች” አለ ጭራ ከኋላ። “እንቁም።”

ከማዶ ባላጋሮቹ ሲሮጡ ይታያሉ፤ ስክሪኑ ላይ ገና ጥቃቅን ናቸው። የፋኖሱ ብርሃን የግንበኛው ድንጋዮች ላይ እየተወዛወዘ፣ አራት ወር የለፋባትን የወንዙን ጥላ ያሳያል። አንድ ሰው እንዲናገር ጠበቀች፤ “ምን ሆነሽ ነው እትዬ፣ ሂጂ እንጂ” የሚላት። ማንም አላላትም። ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ከቁም ሳጥኑ ማዶ የልብስ መኪናው ቆመ።

“ምነው ዛሬ ጭጭ አላችሁ?” አሉ እናት። “አለቀ እንዴ?”

ልጅቷ ማይክሮፎኑን በመዳፏ ሸፈነችው።

“ገና ነው፣ እማዬ” አለች።